ቁልቋሉ፣ አውራ ጣቴ እና የመዓዛ ልጅ

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 12፣ 2021

ቁልቋል አሜሪካ ውስጥ በገንዘብ ይሸጣል። በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። እትዬ አስካለ ትናንት ለእንቁጣጣሽ አበባ እገዛለሁ ብለው ወጥተው፣ በሸክላ የተተከለ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ቁልቋል ታቅፈው ተመለሱ። አገር ቤት የአጥር ዳር ሆኖ ፍየል እንኳን ዞር ብላ የማታየው ነገር እዚህ ዋጋ ተለጥፎበት፣ ሥሩ ላይ ነጫጭ ጠጠር ተነጥፎለት ተቀምጧል። «ላንቺ ብሎ ነው ያሳየኝ» አሉኝ።

ለእኔ የተባለው ለኪንታሮቴ ነው። ያለሁበትን ሁኔታ ልጻፈው፣ ቢያንስ ወረቀት ይወቅልኝ፦

ቀኝ አውራ ጣት፣ ጥፍሩ ጎን። ትልቁ እሱ ነው፣ የአበባ ጎመን ይመስላል።
ሌባ ጣት ላይ ሁለት።
ግራ እጄ ጀርባ ላይ አንድ።
ቀኝ ውስጥ እግሬ ላይ አንድ፣ ስረግጥ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስለኛል።
አገጬ ላይ አንድ፣ እንደ ክር የቀጠነች። ከሁሉም የምጠላት እሷን ነው።

ልጅ ሳለን ኮከብ የቆጠረ ኪንታሮት ይወጣበታል እየተባልን ነው ያደግነው። እኔ ኮከብ ቆጥሬ አላውቅም። የምቆጥረው ካርቶን ነው፣ ኒው አልባኒ፣ ሽቶና ቅባት የሚታሸግበት ዌርሃውስ ውስጥ።

ኮቪድ ለሰው ሁሉ መከራ ሲሆን ለእኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መደበቂያ ሆነኝ። ማስኩ አገጬን፣ ጓንቱ እጄን ይሸፍንልኛል። ሰው በክርን ሲሳለም በሆዴ እሰየው እላለሁ። አሁን ግን መደበቂያው ሊያልቅብኝ ነው። መዓዛ ወልዳለች።

መዓዛ ማለት በአንድ ዓመት በዲቪ መጥተን፣ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ የመጀመሪያውን ክረምት አንድ ካፖርት በፈረቃ ለብሰን ያሳለፍን ጓደኛዬ ናት። እኔ የቀን ሺፍት፣ እሷ የማታ፤ በር ላይ ካፖርቱን እንቀባበል ነበር። ካገባች በኋላ ሦስት ጊዜ አረገዘች፤ ሦስቱንም አጣቻቸው። አራተኛዋ ኦገስት ላይ በሰላም መጣች። ሶልያና።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። ያ ቀን ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው። የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። ከውኃው ስትወጣ እርጥብ ገላዋን የምቀበለው እኔ ነኝ፤ በእነዚህ እጆች።

ለመዓዛ አልነገርኳትም። ልጅቷን እስካሁን አንዴ ብቻ፣ በር ላይ ቆሜ፣ ጓንት አድርጌ ነው ያየኋት። ሥራ ቦታ ኮቪድ ገብቷል አልኳት። ግማሹ እውነት ነው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 13

ዛሬ ተጀመረ። እትዬ አስካለ የቁልቋሉን ጫፍ በቢላ ነካ ሲያደርጉት ያ ነጭ ወተት ጠብ አለ። በጥጥ አድርገው አውራ ጣቴ ላይ ቀቡኝ፣ ከዚያ ሌባ ጣቴ ላይ። «ዓይንሽን እንዳትነኪ» አሉ። እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ አልኩኝ በልቤ።

አቃጠለኝ። ደስ አለኝ። እኛ እኮ የሚያቃጥል መድኃኒት ይሠራል ተብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ የማያቃጥለውን ውኃ ነው እንላለን።

እትዬ አስካለ ኢስትሙር ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ለብዙ ዓመት ሠርተው ነው የገዙት። በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። እኔ የምኖረው ቤዝመንታቸው ውስጥ ነው። ኮቪድ ሲጀምር ሥራ ሲቆምብኝ «ኪራዩ ይቆይ፣ አንቺ ብቻ እንዳትጠፊብኝ» ያሉኝ ሰው ናቸው። ኪንታሮቴን ያዩት ዕቃ ሳጥብ ነው። በሚቀጥለው ቀን ነጭ ሽንኩርት ፈጭተው ጠበቁኝ። ነጭ ሽንኩርቱ አልሠራም። ሽታው ግን ሥራ ቦታ ድረስ አጅቦኝ ሄደ፣ ያውም ሽቶ በሚታሸግበት።

መዓዛ በእረፍት ሰዓቴ ደወለች። ለክርስትናው እኔና እሷ አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ቀሚስ አሰፍታ አስመጥታለች። ከዚያ «መቼ ነው መጥተሽ ልጅሽን የምታቅፊው?» አለችኝ። ሱፐርቫይዘሬ እየጠራኝ ነው ብዬ ዘጋሁ። ሱፐርቫይዘሬ ዛሬ እረፍት ላይ ነው።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 14

በአንድ ዓይኔ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሁለተኛ ዙር ተቀባሁ። እጄን በውኃ ለቅለቅ አደረግኩ፤ ያ ወተት ግን በውኃ ብቻ እንደማይለቅ የት አውቃለሁ? እንቅልፌ አልለቀቀኝም ነበርና ቀኝ ዓይኔን እሽት አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ለጠላቴም አልመኝም። ጮህኩ። እትዬ አስካለ ከላይ በነጠላ ጫማ እየሮጡ ወረዱ፣ አንገቴን ይዘው ቧንቧ ሥር ከተቱኝ።

ያለ ቀጠሮ ወደሚታከሙበት ክሊኒክ፣ ኧርጀንት ኬር፣ እንሂድ ተባለ። ችግሩ፣ ምን ነካሽ ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ቁልቋል በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል እኔም አላውቅ፣ እሳቸውም አያውቁ። እትዬ አስካለ ጥቂት አሰቡና ተክሉን ከነሸክላው አንሥተው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ቀበቶም አሠሩለት። የእኔን ቀበቶ ያስታወስኩት እኔው ነኝ።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ገባን። እኔ ዓይኔን በእርጥብ ፎጣ ሸፍኜ፣ እሳቸው ቁልቋሉን ታቅፈው። መመዝገቢያው ላይ ያለችው ልጅ በሽተኛው የትኛችን እንደሆነ ግራ ገባት።

ያየችኝ ሐኪም ጠና ያለች ፈረንጅ ናት፤ ፀጉሯ ሽበት ብቻ። ተክሉን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ፎቶ አነሣች፣ የሆነ ቦታ ደውላ ጠየቀች፣ ከዚያ ዓይኔን ታጥብ ጀመር። አጠበችኝ፣ አጠበችኝ፣ በቃ ወንዝ ሆንኩ። ቶሎ በውኃ መታጠቤ ነው ያተረፈኝ፣ ይህ ወተት ዓይን ሊያጠፋ ይችላል አለች። የትርጉም ሥራው የእኔ ስለነበር ይህን ለእትዬ አስካለ አልተረጎምኩላቸውም። ግን ፊቷን አይተው ገባቸው።

ከዚያ ለምን እንደተቀባሁ ጠየቀችኝ። እጄን አሳየኋት። ጓንቷን ቀይራ አውራ ጣቴን ያዝ አድርጋ፣ አገላብጣ፣ በመብራት አየችው። አልቸኮለችም። ከዓመት በላይ እጄን ማንም ይዞት አያውቅም ነበር። አለቀስኩ። ዓይኔ ብሶ መስሏት እንደገና ውኃ አፈሰሰችብኝ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 15

ዓይኔ ቲማቲም መስሏል፣ ግን ያያል። ተመስገን። ዛሬ ማለዳ በታመመው ዓይኔ ብቻ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ለማንበብ ሞከርኩ፣ አነበብኩት። ሴፕቴምበር የሚለውን ቃል በሕይወቴ እንዲህ ወድጄው አላውቅም።

ሥራ ቀረሁ። ሐኪሟ የነገረችኝን ሳልረሳው ልጻፍ። በመጀመሪያ ኪንታሮት ቫይረስ ነው፤ ኮከብም፣ ቆሻሻነትም፣ ኃጢአትም አይደለም። (ኃጢአት የሚለውን እሷ አላለችም። እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ መስማት ፈልጌ ነበር።) በጭረት ይገባል። ጥፍሬን ስበላ ከጣት ወደ ጣት አዛምቼዋለሁ፤ አገጬ ላይ ያለችውንም ምናልባት በዚያው እጄ ነው የተከልኳት። ብዙ ሰው ላይ ጊዜውን ጠብቆ ራሱ ይጠፋል፣ ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል። እኔ ደግሞ ያለኝ እስከ ኦክቶበር ነው።

ሁለተኛ፣ እንደየቦታው ነው የሚታከመው። ይሄ አስደነቀኝ። እኛ ቤት አንድ መድኃኒት ለሁሉም ነው፤ ለራስ ምታትም ለወገብም ያው ቅባት ነው። ለውስጥ እግር፣ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባለው ይሆናል፤ በትዕግሥት፣ በየቀኑ፣ ለሳምንታት። ለእጅ እሱም ይሆናል፣ በቅዝቃዜ ማቃጠልም አለ። ጥፍር አጠገብ ያለው አስቸጋሪ ነው፤ ያልተጠነቀቀ ሰው ጥፍሩን ራሱን ያበላሸዋል። ፊት ላይ ደግሞ ከፋርማሲ የተገዛ አሲድ በፍጹም። ፊትን የቆዳ ሐኪም ብቻ ይንካው አለች። ወደ ቆዳ ሐኪም ጻፈችልኝ።

ትናንት ስወጣ ለእትዬ አስካለ አንድ ነገር ተርጉሚልኝ አለችኝ። ዓይኗን ቶሎ በማጠብዎ አመሰግናለሁ በያቸው። ነገርኳቸው። ቤት ስንደርስ «በገዛ እጄ ላጠፋሽ ነበር» ብለው ኩሽና ገብተው በሩን ዘጉ። ተከትዬ ገብቼ አቀፍኳቸው። ከኮቪድ ወዲህ ተቃቅፈን አናውቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 18

የእግሬ ሥነ ሥርዓት፦ ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ነጭ የሆነውን ቆዳ በሞረድ ፈቅ ፈቅ ማድረግ፣ አሲዱን ጠብ ማድረግ፣ በፕላስተር መሸፈን። ሞረዱ ሌላ ቦታ አይነካም። ፎጣውም ለብቻው። እትዬ አስካለ ፎጣውን ላስቲክ ውስጥ አድርገው ስሜን ጽፈውበታል፣ ሆቴል ያለሁ መሰለኝ።

ፈተና ደረሰብኝ። ጠርሙሱ እጄ ላይ ነው፣ መስተዋቱ ፊቴ ነው፣ ያቺ ክር የመሰለች አገጬ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። አንድ ጠብታ ብቻ ብል ማን ያየኛል? ክዳኑን ከፈትኩት። ከዚያ የማክሰኞው ዓይኔ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት። ይህች እንደ ድል ትመዝገብልኝ።

ቁልቋሉ አልተጣለም። በገንዘቤ የገዛሁት ነው ብለው ሳሎን መስኮት ሥር አስቀምጠውታል። ቀይ ሪባን አሥረውበታል፣ የሚመጣ ሰው ሁሉ እንዳይነካው። ለጌጥ ሆኗል። እውነት ለመናገር ያምራል።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 30

ሰው ቀጠሮ ሰርዞ ለእኔ ደረሰኝ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የሰረዘው ሰው ዕድሜው ይርዘም።

የቆዳ ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀልደኛ። ጢስ የሚተፋ ዕቃ ይዞ መጣ። ናይትሮጅን ነው፣ ከበረዶ የባሰ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜ እንዲህ ያቃጥላል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሌባ ጣቴ ቻለ። የግራ እጄ ጀርባ ቻለ። አውራ ጣቴ ላይ ሲደርስ የማላውቀውን ቋንቋ የተናገርኩ ይመስለኛል። ጥፍሩ ሥር እንዳይጎዳ ቀስ እያለ ነው፣ ስለዚህ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ በየሦስት ሳምንቱ ትመጫለሽ አለኝ።

የጠቆረ ቆዳ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሊተው እንደሚችል አስቀድሞ ነገረኝ። ብዙ ጊዜ ቀለሙ ይመለሳል፣ አንዳንዴ አይመለስም። አስቤበት እንድወስን ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ቀጥል አልኩት። ማንም ሳይነግረኝ፣ ሳይጠይቀኝ ብዙ ነገር አልፎብኛል፤ መጠየቄ ራሱ ደስ አለኝ።

አገጬን ግን በቅዝቃዜ አላደረገውም። በትንሽ መርፌ አደነዘዘና በትንሽዬ መቀስ ቀጨም አደረጋት። አለቀ። ያን ሁሉ ወር የተሸማቀቅኩበት ነገር ሻይ ለማማሰል የሚወስደውን ጊዜ እንኳን አልወሰደም። መኪናዬ ውስጥ ማስኬን አውርጄ መስተዋት ውስጥ ራሴን አየሁ። ትንሽ ፕላስተር፣ ከሥሩ አገጭ። የእኔ አገጭ። እንዴት ሰነበትሽ አልኳት።

ለኦክቶበር መጨረሻ አውራ ጣቴ ይደርሳል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ቃል አልገባልሽም አለኝ።

እሁድ፣ ኦክቶበር 3

አውራ ጣቴ ውኃ ቋጥሯል፣ ከሥሩ ጠቁሯል። ይህ የሚጠበቅ ነው ብሎኛል። የሚጠበቅ ነገር እንዲህ ማስፈራት የለበትም ነበር።

መዓዛ ደወለች። ሰላምታ የለም። «ቲጂ፣ ልጄን ማንሳት ካልፈለግሽ ንገሪኝ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። አይከፋኝም» አለች። አይከፋኝም ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

ልጅቷ ከተወለደች አንድ ጊዜ ብቻ መጥቼ በር ላይ መቆሜን፣ ስልክ መዝጋቴን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠራችልኝ። ሰው ምን እንደሚላትም ነገረችኝ፦ አንቺ ወልደሽ እሷ ስላልወለደች ቀንታ ነው ይሏታል። «እኔ አላመንኩም» አለች። «ግን ምን ብዬ እንደምመልስላቸው አጣሁ።»

እፈልጋለሁ፣ በሕይወቴ እንዲህ የፈለግኩት ነገር የለም፣ ነገ አስረዳሻለሁ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጥፍሬን ልበላ አፌ ላይ አደረስኩና ፕላስተር ቀመስኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 4

ነገ ያልኳትን አልጠበቀችም። ከሥራ ስመለስ መኪናዋ በራችን ላይ ቆማለች። ባሏ ዳዊት ጭነት ይዞ ከሪከንባከር ኤርፖርት ወጥቷል፣ ስለዚህ ልጅቷን በካር ሲት፣ በመኪና የሕፃን ወንበሯ፣ ይዛት መጥታለች። እትዬ አስካለ አስገብተው፣ ሾርባ ሰጥተው፣ ቁልቋሉን እንዳትነኪ ብለው፣ ለምን እንደሆነ ግን ሳይናገሩ ጠብቀዋል። እሳቸው ምስጢር መጠበቅ እንዲህ ይችሉበታል አላልኩም ነበር።

ጓንቴን አወለቅኩ። ፕላስተሩን ፈታሁ። እጄን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሾርባው ጎን ዘረጋሁት። ይኸው አልኳት። እግሬንም፣ አገጬንም፣ ዓይኔንም፣ ቁልቋሉንም፣ ሁሉንም ነገርኳት። በዚህ እጅ የአንቺን ልጅ ከውኃ ለመቀበል ፈርቼ ነው አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተናደደች። እኔ የጠበቅኩት መጸየፍ ነበር፤ ቁጣ አልጠበቅኩም።

«ሆስፒታል ስተኛ ልብሴን ማን ነበር ያጠበው?»

እኔ ነኝ አልኳት።

«ደሜን ነው ያጠብሽው። ተጸየፍሽኝ?»

አልተጸየፍኩሽም አልኩ። «ታዲያ እኔን ምን አድርገሽ ነው ያየሽኝ?» አለች። እትዬ አስካለ ሾርባ ሊጨምሩ መጥተው ማንኪያውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ከዚያ ሳቀች፤ የቁልቋሉ ቀበቶ ትዝ ብሏት። እኔም ሳቅኩ። ልጅቷ ነቃች። መዓዛ አነሳቻት፣ ወደ እኔ ዘረጋቻት፣ መንገድ ላይ ቆም አለች። «ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ትንሽ ፈራሁ» አለችኝ። ሦስት ያጣች እናት ናት፤ ባትፈራ ነበር የሚገርመኝ። አትስጪኝ አልኳት፣ አብረን ሐኪሙን እንጠይቅ። በዚህ ተስማማን። ልጅቷን ከነካር ሲቷ ጎኔ አስቀመጠቻት፣ ሳልነካት አየኋት። አፍንጫዋ የዳዊት ነው። ቁጣዋ የእናቷ።

እንዴት ቀለለኝ። ዛሬ ከቫይረሱ ይልቅ ዝምታው ነበር ሲያመኝ የከረመው ብዬ አሰብኩ። ጅል ነኝ። ግን የተወደደች ጅል ነኝ፣ ተመስገን።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 21

ሁለተኛው ቅዝቃዜ። ሌባ ጣቴ ላይ ካሉት አንዱ ጠፍቷል፣ ሌላው እየሞተ ነው። የግራ እጄ ጀርባ ንጹሕ፤ በቦታው ምስር የምታህል ነጭ ክብ ቀርታለች። እግሬ ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ጠጠሯ አሁን የስኳር ፍሬ ታህላለች። አውራ ጣቴ ግን እልኸኛ ሆኗል። አንሷል እንጂ አልሄደም።

መዓዛን በስልክ ስፒከር ላይ አደረግኳት። ጥያቄዎቿን ተዘጋጅታባቸዋለች፣ ሐኪሙን እንደ ዳኛ አፋጠጠችው። እሱ ሳይሰለች መለሰ። ኪንታሮት እንዲህ በቀላሉ አይጋባም፤ ጤነኛ ቆዳ ጥሩ አጥር ነው። ይሸፈን፣ እጅ ይታጠብ፣ የቀረው ዝም ብሎ ማቀፍ ነው አለ። «ውኃ ውስጥስ?» አለችው። ውኃ የማያስገባ ፕላስተር አለ፤ ቢላቀቅ ደግሞ እጇን ትታጠብና ሌላ ትለጥፋለች፣ ዓለም አይጠፋም አላት።

ዓለም አይጠፋም የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 30

ነገ ነው። ነጭ ቀሚሴ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ማተቧን ገዝቼአለሁ። ጥፍሬን ከሥሩ ቆርጬአለሁ፣ ሳልበላ ያደገ ጥፍር መቁረጥ እንዴት ደስ ይላል። ውኃ የማያስገባ ፕላስተር ገዝቼ ኩሽና ውስጥ ዕቃ በማጠብ ፈተንኩት። ቆየ። እትዬ አስካለ ይህ ፈተና በየቀኑ ቢደጋገም እንደማይከፋቸው ተናገሩ።

ክርስትናው ላይ ጓንት ላድርግ ወይ ብዬ የንስሐ አባታችንን በስልክ ጠየቅኳቸው። ምን እንደሆነም ነገርኳቸው፣ ለሦስተኛ ሰው። ልጄ፣ እጅሽን ታጥበሽ ነይ አሉኝ።

ግን ፈርቻለሁ። አውራ ጣቴን አይቼ እባክህ እላለሁ። የምትለምነው እግዜርን ነው ወይስ ጣትሽን አሉኝ እትዬ አስካለ። ሁለቱንም አልኳቸው።

እሁድ፣ ኦክቶበር 31

ከምን ልጀምር።

መዓዛ ከወለደች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። በአንድ ዓይነት ጥለት ጎን ለጎን ስንቆም ሰው መንታ አለን። ስለ ልጅቷ ሆኜ ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን ካድኩ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አመንኩ። ሶልያና ግን ውኃውን አልፈራችም፤ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ከዚያ የተናደደች ሴትዮ መስላ ቄሱን አየቻቸው። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ተባለ።

ከዚያ ሰጡኝ።

እርጥብ ናት፣ ሞቃት ናት፣ እንደ ሳሙና ታዳልጣለች። ክብደቷን አልጠበቅኩትም። ሁለት እጄን ሙሉ ያዝኳት፣ በነጩ ጋቢ ጠቀለልኳት፣ ደረቴ ላይ አደረግኳት። አውራ ጣቴን ፈለገችና ጨበጠችው፤ ያንኑ፣ ከሁሉም መርጣ ያንኑ። ልቀማት አልኩና ተውኩት። ቅባቱ ሲቀባ፣ ማተቡ ሲታሠር፣ ቅዳሴው አልቆ እስክንወጣ አልለቀቀችኝም። መዓዛ ጎኔ ቆማ ታየኝ ነበር። አልቅሳ ማስኳ ረጥቧል።

ከእነሱ ቤት በልተን፣ ዘፍነን፣ እትዬ አስካለን ይዤ ተመለስኩ። ጫማዬን ሳወልቅ ነው አውራ ጣቴን ያየሁት። ፕላስተሩ የለም። ባዶ ነው፣ ኪንታሮቱ ከነሙሉ ክብሩ ተቀምጧል።

የት ነው የወደቀው? ውኃው ውስጥ? ልጅቷ ስትጨብጠኝ ነበረ? ወይስ ያን ሁሉ ጊዜ በባዶው ነው የያዘችኝ? ለመዓዛ ልደውል ስልኬን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ፣ አነሣሁ። እትዬ አስካለ እጅሽን ታጠቢና ተቀመጪ አሉኝ። እጄን ታጠብኩና ተቀመጥኩ።

ሳልደውል ስልኬ ጮኸ። የመዓዛ ቴክስት፣ ከነፎቶው። ነጩ ጋቢ አልጋ ላይ ተዘርግቷል፤ መሐሉ ላይ የእኔ ፕላስተር ተለጥፋ ትታያለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«ንብረትሽን ረስተሻል። ነገ ከሥራ በፊት መጥተሽ ውሰጂ። ልጅሽንም ታቅፊያታለሽ፤ እኔ መተኛት እፈልጋለሁ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለእትዬ አስካለ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እሳቸው ምን አሉ፣ «ነገ ቁርስ እዚያ ልትበዪ ነው ማለት ነው፣ እንግዲያው አልሠራም» አሉና ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ኖቬምበር ላይ ነው። አውራ ጣቴ ይድናል ወይ አላውቅም፤ ነጩ ክብ ይጥቆር ወይ ይቅር አላውቅም። ለነገ አዲስ ፕላስተር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ሁለት፣ አንዱ ለትርፍ።